የኩርኩራ ቅጠል

በ1930 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ በአክስቴ በመሊካ ሣጥን ውስጥ አሥራ አራት መጻሕፍትና አንድ ደብተር ነበሩ። ሣጥኑ የዋንዛ እንጨት ነው። ምስጥ እንዳይደርስበት በአራት ድንጋዮች ላይ ተቀምጦ፣ በድንጋዮቹ ዙሪያ አመድ ተነስንሶበት ነበር። ከመጻሕፍቱ አሥራ አንዱ በዐረብኛ፣ ሁለቱ በዐረብ ፊደል ሆነው በእኛው ቋንቋ በአማርኛ፣ አንዱ ደግሞ በግዕዝ ፊደል የታተመ አማርኛ ነበር። ደብተሩ ሰባ ሁለት ወረቀት ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ ስልሳ አንዱ ተጽፎበታል። የሣጥኑ ቁልፍ በጥጥ ክር ታስሮ በአክስቴ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። የአባቴ የማሽላ ክምር ከሮቃው ዛፍ አጠገብ አውድማው ላይ ተቆልሎ ነበር። በቤታችን ውስጥ ጠመንጃ አልነበረም። በአውድማው ሥርም አልነበረም። ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ ተቆፍሮ ታይቷልና።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከሮቢ ወንዝ በላይ፣ የድንጋይ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት ተረተር ላይ ነበረች። ከታች ጠልያን ወደ ደሴ የሚዘረጋው መንገድ ይታየን ነበር። መኪናዎቹ ከመድረሳቸው በፊት አቧራቸው ይታያል፣ ካለፉ በኋላም ጠረናቸው ይቆያል። ከመንገዱ ወዲህ የሠራተኛውና የጠልያን ቅጥር ወታደር የሆነው የአስካሪው ድንኳን፣ ከድንኳኑ ወዲያ ደግሞ የሮቢ ጥቂት ሱቆች ነበሩ።

አክስቴ የአባቴ የጀይላን ታላቅ እህት ናት። ባሏ በወባ ሞቶባት ከእኛ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በተሠራው ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። መተዳደሪያዋ ጥጥ መፍተል ነው። አያቴ ሸህ ነበሩ፤ ወንዶች ልጆቻቸው ንግድ ሲወዱባቸው መጻሕፍቱንም ፊደሉንም ለሴት ልጃቸው ሰጥተው ሞቱ። በመንደሩ ይህን እንደ ነውር የሚቆጥር አልነበረም፤ ደብዳቤ የሚያስነብብም ውል የሚያስጽፍም ወደ እሷ ይመጣ ነበርና። ነገር ግን ደብተሩን ማንም አያውቀውም ነበር። ማለት፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ጋሼ ካሳሁን ነበሩ፤ በሮቢ ሱቅ ያላቸው፣ ክርስቲያን፣ ራሰ በራ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሰው። በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በቅሎአቸው ላይ ጨውና ስኳር ጭነው ወደ መንደራችን ይወጣሉ። ሸጠው ሲጨርሱ አክስቴ ደጅ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ እንዝርቷን ይዛ ከበሩ ውስጥ ትቀመጣለች። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ መሐል ላይ ሁልጊዜ እኔ እገኛለሁ። ለምን እንደምገኝ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ማንበብ እንድማር የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ያስቀመጠኝ ሰው ምን ይላል ብሎ ነው።

ሁለቱ በየተራ ያነቡ ነበር። ጋሼ ካሳሁን በነጠላ የተጠቀለለ የታተመ መጽሐፋቸውን ይፈቱና፣ ባሕር ተሻግሮ ስለሄደ አንድ የጎንደር ሰው ጉዞ ያነባሉ። አክስቴ ደግሞ ከአሥራ አራቱ አንዱን ታወጣለች፤ ዐረብኛው ሲሆን በዓይኗ እያነበበች በአፏ አማርኛ ታደርገዋለች። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሞቶ የቀረ፣ ስለ ዝናብ ሽታ ብቻ መጽሐፍ የጻፈ የየመን ሰው ነበር። ስለ ጎረቤቱ አውራ ዶሮ ችሎት የተሟገተ የሐረር ቃዲ ነበር። ስሙን ሳይተው የሞተ አንድ መጽሐፍ ገልባጭም ነበር፤ በኅዳጉ ላይ «ዛሬ እጄ በርዷል፤ አንባቢ ሆይ፣ ዱዓ አድርግልኝ» ብሎ ጽፏል። እዚያ ገጽ ላይ በደረሰች ቁጥር አክስቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ዱዓ ታደርግለታለች። ጋሼ ካሳሁንም ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ስለ ጸሐፊዎቹ የሚያወሩት እንደ ጎረቤት ነበር። አክስቴ፣ ይሄኛው ሲጽፍ ይቸኩላል፣ ደጅ ላይ ሰው የሚጠብቀው ይመስላል ትላለች። ያኛው ግን በልቶ ጠግቦ የተቀመጠ ነው። ጋሼ ካሳሁን ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ፣

«የመኑ ሰውዬ እንዴት ሰነበተ? ዘነበለት?» ይሉ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ወሬ እሰማው ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ግን የሆነ ነገር። ምክንያቱን መናገር አለብኝ። እስከዚያ ድረስ የተማርኩት ሸህ ሷሊሕ ዘንድ ቁርኣን ቤት ነው። በእንጨት ሎህ ላይ በጥላሸት ቀለም ተጽፎ ይሰጠናል፤ እንቀራዋለን፤ ስንጨርስ ሎሁን እናጥበዋለን። እጣቢው አይደፋም፤ የታመመ ይጠጣዋል። ቃሉን ከፊደሉ እያወጣሁ በጥሩ ድምፅ እቀራ ነበር እንጂ ትርጉሙን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እነዚያ ፊደሎች የሚናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ሌላ የሚያስብ ሰው በመንደራችን አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ጋሼ ካሳሁን የታተመውን መጽሐፍ ሳይፈቱ ጎንበስ ብለው አክስቴን ጠየቋት።

«ሰባቱን ጠመንጃ የት አደረሷቸው?»

«አውድማው ሥር ቀበርኳቸው።»

«ማን ያወጣቸዋል?»

«ገና አልቆረጥኩም። ማንም ባያወጣቸው ይሻል ይሆናል።»

«ኧረ እትዬ መሊካ፣ ሰው ያን ያህል አስጠብቀው?»

ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ወራት ጠመንጃ ያለበት ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ሸሽጎ የተገኘ ግን እንዲሰቀል አዋጅ ተነግሮ ነበር። ከጣርማ በር ወዲህ አርበኞች መኪና አቃጠሉ እየተባለ ይንሾካሾክ ነበር። በዚያች ቅጽበት አክስቴን አየኋት፤ ቀጭን፣ ጣቶቿ ጥጥ የለበሱ፣ ጥርሷ ፍንጭት። ሰባት ጠመንጃ የቀበረች ሴት። በሕይወቴ እንደዚያ በሰው ኮርቼ አላውቅም ነበር።

መጻሕፍቱን በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ ማሞቅ የቤታችን ልማድ ነው። ማሽላ ከታጨደ በኋላ፣ ነፋሱ ደረቅ ሲሆን ምንጣፍ ይነጠፍና አንድ በአንድ ይዘረጋሉ። ብል እንዳይገባባቸው እያንዳንዱ ገጽ መገለጥ አለበት። ያን ዓመት ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ነፋስ እንዳይገልጣቸው ጠጠር አስቀምጥባቸዋለሁ፤ ፍየል አባርራለሁ፤ ገጽ እገልጣለሁ። አክስቴ ከውስጥ ሆና ጥጥ ትዳምጣለች፤ መዳመጫው ሲንከባለል ይሰማኛል።

ደብተሩን እንደ ሌሎቹ ነው የገለጥኩት። የዐረብ ፊደሉን ሳይ ከልማድ ድምፅ አውጥቼ መቅራት ጀመርኩ። ያኔ አንድ ነገር ሆነ፤ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይሞቃል፤ የማላፍርበት የዚህ ታሪክ ክፍል እሱ ብቻ ነው። አፌ ያወጣውን ጆሮዬ ሰማውና ገባው። እንደገና አነበብኩት። እንደገና ገባኝ። ፊደሎቹ በእናቴ አፍ ነበር የሚናገሩት።

እንዲህ ይል ነበር፦

«ሮቢ ወንዝ ዳር ፈርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ። ያልፈራው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ፍርሃት ቤቱ በመጣ ቁጥር እሱ ማሳ ላይ ስለሚውል ነው። ፍርሃትም ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ይውልና፣ ሲመሽ ርቦት ወደ ጎረቤት ይሄዳል።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ አፌን በሻሼ ያዝኩ። የማውቀው ወንዝ፣ የማውቀው ማሳ። ፍርሃት ደጅ ላይ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተቀምጦ አየሁት። እዚያ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም፤ ቀጠልኩ። ሰውየው ሽማግሌ ሆነ፤ ባዕዳን ወደ አገሩ መጡ፤ መንደርተኛው አንገቱን ደፋ። ሰውየውም አንድ ማለዳ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ ከሮቃው ዛፍ ሰባት እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ከአውድማው ሥር፣ ሰባት ጠመንጃ እንደተቀበረ ነገራቸው። እዚያ ስደርስ የመዳመጫው ድምፅ ቆመ። ከአጠገቤ ካለው የኩርኩራ ዛፍ አንድ ቅጠል ቀጠፍኩና ገጹ መሐል አድርጌ ደብተሩን ከደንኩት። ነገ የምቀጥል መስሎኝ ነበር። አክስቴ ወጥታ ሁሉንም ሰብስባ ቆለፈችባቸው።

የሮቃው ዛፍ የእኛ ነበር። እርምጃውን ለካሁት። ሰባተኛው የአባቴ የማሽላ ክምር ጫፍ ላይ አረፈ።

በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ አንብቤአለሁ። ሸህ ሷሊሕ ለማንኛውም ነገር ሁለት ምስክር ይበቃል ብለው አስተምረውናል። እኔ ሁለት ምስክር ነበረኝ።

እቴነሽ የጠልያኖቹ አስተርጓሚ የአቶ ጌታቸው ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ከእናቷ ጋር ወተት ሊገዙ ይመጣሉ፤ እናቷ ስትዋዋል እኛ ኩርኩራው ሥር የወደቀውን ፍሬ እንለቅማለን። ጫማ ነበራት። አባቷ ሁለት ቋንቋ እንደሚያውቅና የጠልያኑ ካፒቴን ያለ እሱ ውሃ እንኳ መጠየቅ እንደማይችል ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። ያን ቀን ጣቷን በምራቋ አርጥባ ድንጋይ ላይ ስሟን በግዕዝ ፊደል ጻፈች። እኔም በእንጨት አፈር ላይ የእኔን በዐረብ ፊደል ጻፍኩ። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው።

«ትል የሄደበት ይመስላል» አለች። «ደግሞ ስታነቡት አይገባችሁም አሉ። እንደ በቀቀን።»

«ይገባኛል።»

«ውሸትሽን ነው። እሺ ምን ይላል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ከዚያ በኋላ በኖርኩት ዕድሜ ሁሉ ያን ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ከጥያቄዋ እስከ መልሴ ሁለት ኩርኩራ የሚለቀምበት ያህል ነበር። ሁለተኛውን ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩና፣ አክስቴ አማርኛ የሚናገር ደብተር እንዳላት፣ ደብተሩም ሰባት ጠመንጃ የት እንደተቀበረ እንደሚያውቅ ነገርኳት። ቦታውንም እርምጃውንም ነገርኳት። ማንበብ እንደምችል እንድታምነኝ ነው።

እቴነሽን ለብዙ ዓመት ጠልቻት ኖሬአለሁ። አሁን እንደማውቀው ክፋት አልነበረባትም። ለአባቷ ራት ላይ የነገረችው፣ የእስላም ልጅ የምታነበው ይገባታል ብላ በመገረም ነው። አቶ ጌታቸው ወሬውን በሳቅ ሊያልፉት ሞክረው ነበር፤ ግን ያን ምሽት ገበታቸው ላይ የአስካሪዎቹ አለቃ፣ ሹምባሹ፣ አብሮ ይበላ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጡ። ካፒቴኑ የሚታጠፍ ወንበሩን ሮቃው ሥር አስዘርግቶ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት አስካሪዎች ከመንገድ ሥራው አካፋና ዶማ ይዘዋል። ሣጥኑን አውጥተው መጻሕፍቱን ምንጣፍ ላይ ዘረገፏቸው፤ ልክ ፀሐይ እንደምናሞቃቸው ጊዜ። ካፒቴኑም አቶ ጌታቸውም ፊደሉን ስለማያነቡ ሸህ ሷሊሕ ተጠሩ። ሸህ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ቢስሚላህ ብለው ሲከፍቱት በራሱ የተከፈተ ገጽ ነበር። ከዚያ ውስጥ የኩርኩራው ቅጠል ወደቀ።

ከሰዎቹ ሁሉ ቅጠሉን ያየነው ሁለት ነን። አክስቴ መሬት ላይ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ከሴቶቹ መሐል ፈልጋ እኔን አየችኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አለችና በባዶ እግሯ ረገጠችው። እስከ መጨረሻው እግሯን አላነሳችም።

ሸህ አነበቡ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ስለ ሮቃው፣ ስለ አውድማው፣ ስለ ሰባቱ። አቶ ጌታቸው እየተረጎሙ ሄዱ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ካፒቴኑ ይህ እውነት ነው ወይ ብሎ አስጠየቀ።

«አይደለም» አለች አክስቴ።

«እንግዲያው ውሸት ነው?»

«ውሸትም አይደለም።»

አቶ ጌታቸው አልተረጎሙትም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እባክዎ አንዱን ይምረጡ። ሁለቱንም አይደለም ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ?» አሏት።

«ልጅ ሳለ እናቱ ምንም ተረት አልነገረችውም? እሱን ይጠይቁልኝ።»

መጠየቃቸውን አላውቅም። ካፒቴኑ ወደ ሸህ ዞረ። በእነዚህ ፊደሎች ያልሆነ ነገር ይጻፋል ወይ ብሎ አስጠየቀ። ሸህ ሷሊሕ ጢማቸውን ይዘው ደብተሩን እንደገና አዩት።

«ይህ ፊደል አላህ ቃሉን ያወረደበት ነው» አሉ። «ውሸት የሚጽፍበት እስካሁን አልገጠመኝም። ይህችም የሸህ ልጅ ናት፤ ውሸታም አይደለችም።»

«ሸህ፣ ተረት ነው» አለች አክስቴ።

«ተረት በአፍ ነው፣ ልጄ። ወረቀት አጥፍቶ ተረት የሚጽፍ ማነው?»

ሸህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። ክብሯን የጠበቁላት መስሏቸው ነበር።

አክስቴ ያኔ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «ሁለት ገጽ ነው የቀረው። እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው» አለች። ሦስት ጊዜ አለችው። እኔ ጊዜ ለማራዘም መሰለኝ፤ አርበኞች እስኪደርሱ። ካፒቴኑ የእጅ ሰዓቱን አየ። ደብተሩ ተዘጋ፤ ቁፋሮው ተጀመረ።

የማሽላውን ክምር ወደ ጎን ገፉት፤ እህሉ ከአፈር ጋር ተደባለቀ። ያን ዓመት ሙሉ ገንፎአችን አሸዋ ነበረው። አምስት ጉድጓድ ቆፈሩ። ጥልቀታቸው እስከ አስካሪው ብብት ደርሶ ነበር። የወጣው ገል፣ የበግ አጥንትና እጀታው የበሰበሰ አንድ ማጭድ ነው። ካፒቴኑ ማጭዱን አገላብጦ አይቶ ጣለው። እኔ በእያንዳንዱ የዶማ ምት ልቤ ይመታ ነበር፤ መጀመሪያ እንዳያገኟቸው ፈርቼ፣ በኋላ ግን፣ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ፣ እንዲያገኟቸው ፈልጌ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠመንጃዎቹ ከሌሉ ያነበብኩት ምን ሊሆን ነው?

ባዶ ሆነ። ካፒቴኑ ግን አልተደሰተም፤ ከሌሉ አንድ ሰው ወስዷቸዋል አለ። ወሬውን ማን እንዳወጣው አባቴ ጮኾ ሲጠይቅ፣ አክስቴ ወደ እኔ ሳታይ፣ «እኔ ነኝ። ገበያ ላይ አፌ አመለጠኝ» አለችው።

እጇን በገመድ አስረው ወደ መኪናው ሲወስዷት በአጠገቤ አለፈች። ስለ ሰባት ጠመንጃ ኮርቼባታለሁ፤ ጠመንጃ የለም። በዚያ ፊደል ያልሆነ ነገር ጽፋለች። ያፈርኩት በራሴ አልነበረም፤ በእሷ ነበር።

«ውሸታም ነሽ» አልኳት።

እስከዚያ ቀን አንቱ እንጂ አንቺ ብያት አላውቅም። ሰምታኛለች። ቆም ልትል ፈለገች፤ አስካሪው ገመዱን ሳበው። ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ቅጠሉ አፈር ውስጥ ተለጥፎ ነበር። ሄጄ አነሳሁትና አፌ ውስጥ ከትቼ አኝኬ ዋጥኩት። ማንም እንዳያየው ነው።

ደብተሩ ከእሷ ጋር ሄደ። መጻሕፍቱን ትተዋቸው ነበር፤ አባቴ አፈራቸውን አራግፎ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው።

አክስቴ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1931፣ በእግሯ ተመለሰች። ጥርሷ አራት ጎድሎ ነበር። ደብተሩ አልተመለሰም። የት እንደነበረች ለሴቶቹ ስታወራ ስለ ሌሎቹ እስረኞች እንጂ ስለ ራሷ አልነበረም፤ በሌሊት እንቆቅልሽ ይጠይቋት ስለነበሩ አንዲት የመንዝ አሮጊት፣ ለእስር ቤቱ ትኋኖች ስም ያወጣላቸው ስለነበረ አንድ ቄስ። ሲስቁ እኔ በሩ ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። ልገባ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ጠራችኝ። ከአሥራ አራቱ አንዱን፣ የየመኑን ሰው መጽሐፍ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ዛሬ የዐረብኛውን ትርጉም እንጀምራለን አለችኝ። ግማሽ ገጽ አስነበበችኝ። ስንጨርስ ከእንዝርቷ አንድ ክንድ ክር በጥሳ ለሁለት አጠፈችና ገጹ መሐል አኖረችው።

«ቅጠል ጥሩ ምልክት አይደለም» አለች። «ይደርቅና ይሰበራል። ክር ይሻላል።»

ክሩን በጣቴ ዳበስኩት። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ውስጥ ኩርኩራ አልነበረም፤ ጊዜው ሰፊ ነበር። እሷም ጠበቀችኝ። በኋላ እንዝርቷን አነሳች።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረች። አሥራ አራቱንም አስተማረችኝ፤ ከየመኑ ሰው ጋር ዝናብ አሸተትን፤ ቃዲው በአውራ ዶሮው ሲረታ ሳቅን፤ እጁ ለበረደው ገልባጭ አብረን ዱዓ አደረግን። ያገኘሁት ደስታ ሁሉ ከዚያ ሣጥን ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ መስመር ስትጽፍ አላየኋትም። ውልም፣ ደብዳቤም ቢሆን። እጄ ደክሟል እያለች ሰዎቹን ወደ እኔ ትልካቸው ነበር።

በ1954 ስትሞት እኔ ናዝሬት ተቀጥሬ በማይክሮስኮፕ የወባ ደም እመረምር ነበር። ሥራው ደንብ አለው፤ አንድ መቶ መስክ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ መቶ ቦታ፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆጠር ስላይዱ እንዲህ ነው ተብሎ አይጻፍም። ያን ደንብ ያስተማሩኝ ቀን ከክፍሉ ወጥቼ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደወጣሁ መምህሩ አልገባውም።

ለለቅሶ ጋሼ ካሳሁን መጡ፤ ሸምግለዋል፤ ሰው ይመራቸው ነበር። እዚያው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጡ። የቀረውን ሁለት ገጽ ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው። መጨረሻውን ሰምተው እንደሆነ።

ሰምተዋል። ሰውየው ሲሞት ልጆቹ አውድማውን ቆፈሩ፤ ምንም የለም። ለካ መንደርተኛው ቀና ብሎ እንዲሄድ ብሎ የነገራቸው ነው፤ ጠመንጃ አለን ብለው ሰባት ዓመት ቀና ብለው ሄደዋል። ልጆቹም ጉድጓዱን መልሰው ደፈኑት፤ ለማንም አልተናገሩም።

«ይኸው ነው» አሉ ጋሼ ካሳሁን። «ያን ቀን መጥቼ ልናገረው እችል ነበር። ሱቄን ቆልፌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፍርሃት መጣ፣ ቤት አገኘኝ።»

ማን እንደነገራቸው አልጠየቁኝም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ለቀስተኞች መጡ፤ ተነሳሁ። እሳቸውም በዓመቱ ሞቱ።

አሁን ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው። ሣጥኑ እኔ ዘንድ ነው፤ አሥራ አራቱም መጻሕፍት አሉ። የአክስቴን ታሪክ መልሼ ለመጻፍ በጡረታዬ ሦስት ዓመት ሞክሬአለሁ። ሠላሳ አንድ ገጽ ሆኗል። ከዚያ በኋላ፣ እንደ ሥራ ልማዴ፣ ያነበብኩትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትን ከጨመርኩት ለየሁ። በደብተሩ ላይ እንደነበረ፣ ቃል በቃል የእሷ ነው ብዬ የምምልበት ከላይ የጻፍኩት ስለ ፍርሃት የሚናገረው ብቻ ነው። በእጅ ጽሕፈቷ አራት መስመር ነበር።